ለፍላጻ አከርካሪ ማን ሰጠው?

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የውጭ አገር የቀስት አደን ቪዲዮ የሚያዩ ወጣቶች አሉ። «የቀስቱ አከርካሪ 500 ነው» ሲሉ ጥርሴን ያፋጨኛል። ቀስት የሚገተረው ነው፤ የሚወረወረው ፍላጻ ነው። (የመንገዱን ምልክት ሁሉ ቀስት እያልን ፍላጻን ከረሳናት ቆየን።) አከርካሪውማ ጭራሽ የለም። በእንግሊዝኛ እንደ አከርካሪው ሁሉ «ስፓይን» የሚሉት የፍላጻው ዘንግ ሲጫኑት የሚታጠፍበትን መጠን ነው።

ፍላጻ ሲለቀቅ አውታሩ ከኋላ ስለሚገፋው ይለመጣል፤ የቀስቱን እንጨት ዞሮ ካለፈ በኋላ ይቃናል። ከቀስቱ ጋር ካልተስማማ ይስታል። አጋዘን አዳኞች ለ50 ፓውንድ ቀስት (ለመገተር 50 ፓውንድ ኃይል ለሚጠይቅ) 32 ግራም ገደማ የሚመዝን ፍላጻ ይመርጣሉ፤ ከባዱ ጠልቆ ይገባልና። ፍላጻውን የምረንዝ መርዝ የሚቀባ አዳኝ ግን ለክብደቱ ብዙ አይጨነቅም። ጫፉ ላይ ብረት በተጨመረ ቁጥር ዘንጉ የለሰለሰ ያህል ስለሚሆን ክብደቱና ቁሱ አብረው ይመረጣሉ።

ታዲያ ስፓይንን በአማርኛ «ጥንካሬ» እንበለው? ቀርከሃ ጠንካራ ነው፣ ግን ይታጠፋል። «ግትርነት» ይሻላል፤ ሆኖም ገተረ የቀስቱ ግሥ ነው፣ ግትር ሲባልም ምክር የማይሰማ ሰው ይታወሰናል። «ጉብጠት» ደግሞ ጎብጦ የቀረ ነገር ነው፤ ፍላጻ ተመልሶ ይቃናል።

እኔ «ልምጠት» እላለሁ። ጎበጠ ጉብጠትን ከወለደ ለመጠ ልምጠትን ቢወልድ ማን ይከለክለዋል? ተለማጭ የታወቀ ቃል ነው፤ ልምጭንም ከዚያው ቤት እቆጥራታለሁ። የጉሙዝ አዳኞች ግን ከቀስትና ከፍላጻ ጋር የኖሩ ናቸውና በቋንቋቸው ከዚህ የተሻለ ቃል ቢኖራቸው ልምጠትን ያለ ቅሬታ እተዋለሁ።

አለካኩም ይደግፈኛል። የካርቦን ዘንግ በ28 ኢንች ርቀት በቆሙ ሁለት መደገፊያዎች ላይ ይጋደማል፤ መሐሉ ላይ 880 ግራም ይንጠለጠልበታል። ግማሽ ኢንች፣ ማለትም 500 የኢንች ሺኛ፣ ከረገበ «500» ይባላል። ቁጥሩ ሲበዛ ዘንጉ ይለሰልሳል ማለት ነው። «ጥንካሬ 500» የሚል ጽሑፍ ያነበበ ገዢ ከ400 ይበልጣል ብሎ የለሰለሰውን ይዞ ይሄዳል፤ «ልምጠት 500» ያነበበ አይሳሳትም።

የእንጨት ዘንግ በፓውንድ ስለሚመደብ ነገሩ ይገለበጣል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ዘንጉ ይደድራል። እዚያ ልምጠትን ማስጨነቅ አያስፈልግም፤ «ለ50 ፓውንድ ቀስት የሚሆን ዘንግ» ይበቃል።