የዓባይ ሁለት መንገደኞች

ከመካነ ሰላም ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው፣ ማሳና ግጦሽ የተፈራረቁበትን የቦረናን ደጋ አቋርጦ ከገደሉ አፋፍ ሲደርስ ምድሩ በድንገት ከእግሩ ሥር ይከዳዋል። ማዶ የሚታየው ጎጃም ነው። በሁለቱ መካከል የተሰነጠቀው ከሺህ ሜትር በላይ ወደ ታች የሚወርደው የዓባይ ሸለቆ ነው።

ይህ ውኃ ከቦረና ግርጌ ከመድረሱ በፊት ብዙ አሳልፏል። በባሕር ዳር በኩል ከጣና ወጥቶ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ጢስ እሳት ላይ ይወድቃል። ከዚያም በጠባብ ገደል እየተጠማዘዘ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይወርድና፣ ከወሎ በኩል በሽሎን ተቀብሎ፣ ጎጃምን እንደ መቀነት እየዞረ በመጀመሪያ ወደ ደቡብ፣ ኋላም ወደ ምዕራብ ይነጉዳል። እንግዲህ የቦረና ሰው የሚያውቀው ዓባይ ወድቆ የተነሣው ዓባይ ነው። የወደቀበትን ስፍራ ለማየት የሚሻ ወጣት ስንቁን በጀርባው አዝሎ፣ ከባልንጀራው ጋር የወንዙን መንገድ ወደ ኋላ መከተል ይኖርበታል።

ሄዶ ያላየው እንኳ መልኩን አላጣውም። በ1969 ዓ.ም. በወጣው የአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ ጢስ እሳት ተሥሎ ነበር። ኖቱ በሳንቲም እስኪተካ ድረስ፣ ፏፏቴውን በዓይኑ አይቶት የማያውቅ የመካነ ሰላም ነጋዴ በኪሱ ይዞት ይዞር ነበር። ሥዕሉን የሣለው እጅ የማን እንደ ሆነ ግን ብሩ ላይ አልተጻፈም።

ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ጢስ እሳትንና የዓባይን ምንጭ ለማየት የተደረገው ጉዞ ታሪክ ሲመረመር፣ ከአንድ ዝነኛ ስም ጀርባ ዘወትር ስሙ ያልተጻፈ ሌላ ሰው ይገኛልና።

አውሮፓውያን የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ለዘመናት ሲመኙት ኖረዋል። እስፓኛዊው የካቶሊክ ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618 አፄ ሱስንዮስን ተከትሎ ግሽ ደርሶ ምንጩን አይቷል። ከእርሱ በኋላ የመጣው ፖርቱጋላዊው ጀሮኒሞ ሎቦ ስለ ፏፏቴው በሰፊው ጻፈ፤ ከሚወርደው ውኃ መጋረጃ ጀርባ ካለው ድንጋይ ላይ መቀመጥ እንደሚቻልም ተረከ። የሎቦን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1735 ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው ሳሙኤል ጆንሰን ነበር። ጆንሰን ኢትዮጵያን ሳያይ እ.ኤ.አ. በ1759 «ራሴላስ» የተባለውን ልብ ወለዱን ሲያሳትም፣ የልዑላኑን መኖሪያ ሸለቆ በአማራ ምድር አደረገው። በዚያ ዘመን አማራ ተብሎ የሚጠራው አገር ዛሬ ደቡብ ወሎ የምንለውን ደጋ ያጠቃልል ነበር። የሳይንትና የቦረና ጎረቤት ምድር በለንደን ልብ ወለድ ሲሆን፣ የምድሩ ባለቤት ወሬውን አልሰማም።

ከዚህ በኋላ የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። ብቻውን ግን አልመጣም። ሉዊጂ ባሉጋኒ የተባለ የቦሎኛ ተወላጅ ወጣት ሠዓሊ አብሮት ነበር። ሁለቱ በሰሜን አፍሪካና በሶርያ የጥንት ፍርስራሾችን እያዩና እየሣሉ ለዓመታት አብረው ተጉዘዋል። እ.ኤ.አ. በ1769 ምጽዋ ወረዱ፤ በ1770 መጀመሪያ ጎንደር ገቡ።

ያች ጎንደር ሰላም የሰፈነባት ከተማ አልነበረችም። በዙፋኑ ላይ ወጣቱ አፄ ተክለ ሃይማኖት ተቀምጠዋል፤ ሥልጣኑ ግን በራስ ሚካኤል ስሑል እጅ ነበር። የዳሞቱ ፋሲል ከዓባይ ማዶ ሸፍቷል። እቴጌ ምንትዋብ በቁስቋም ሆነው የዘመኑን መናወጥ ያዩ ነበር። ብሩስ በቤተ መንግሥቱ ፈንጣጣ ገብቶ ስለነበር በሐኪምነት ተወደደ፤ በፈረስ ግልቢያና በጠመንጃ ችሎታውም ታወቀ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ራስ ሚካኤል ፋሲልን ለመውጋት ሲዘምቱ ብሩስ ሠራዊቱን ተከትሎ ሄደ፤ በዚያው አጋጣሚ ፏፏቴውን አየ።

ያየውን ሲጽፍ ግርማው ልቡን እንደ ነካው ይታወቃል። ነገር ግን ብሩስ የሚያደንቅ ብቻ ሳይሆን የሚሟገትም ሰው ነበር። ሎቦ ከውኃው ጀርባ መቀመጥ ይቻላል ያለውን ሐሰት ነው ብሎ አጣጣለው። የፏፏቴውን ከፍታም በተለያዩ እንጨቶች ለክቶ ወደ 40 ጫማ፣ ማለትም ወደ 12 ሜትር እንደሚጠጋ ወሰነ። የጢስ እሳት ትክክለኛ ከፍታ ግን ከ40 ሜትር በላይ ነው። የቀደሙትን ስሕተት ሊያርም የተነሣው ሰው፣ በዓይኑ ፊት የቆመውን ገደል ከሲሶ በታች አሳነሰው።

ዘመቻው ሳይሳካ ስለ ቀረ ብሩስ ወደ ጎንደር ተመለሰ። በበልግ ሳይሆን ከክረምት በኋላ፣ በጥቅምት ወር፣ እንደገና ተነሣ። በዚህ ጊዜ ፋሲል ወልዶ የሚባል መንገድ መሪ ሰጠው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 4 ቀን 1770 ግሽ ደረሱ። የአገሩ ሰዎች ወደ ተቀደሰው ምንጭ በጫማ መቅረብ ነውር እንደ ሆነ ስለ ነገሩት፣ ብሩስ ጫማውን አውልቆ ቁልቁለቱን በሩጫ ወረደ፤ በአበቦቹ ሥር እየተንሸራተተም ሁለት ጊዜ ክፉኛ ወደቀ። ከምንጩ ደርሶ ለንጉሡ ለሦስተኛው ጆርጅ ጤና ጠጣ። ያ ሁሉ ምኞት በአንዲት ረግረግ ሣር ላይ ሲጠናቀቅ፣ ደስታው ወዲያው በትካዜ እንደ ተለወጠ ራሱ ጽፏል።

ባሉጋኒስ የት ነበር?

ብሩስ ወደ አገሩ ከተመለሰ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1790፣ የጉዞውን ታሪክ በአምስት ትልልቅ ጥራዞች አሳተመ። በዚያ መጽሐፍ ፓኤዝ ምንጩን አላየም ተባለ። ባሉጋኒ ደግሞ ወደ ምንጩ ከተደረገው ጉዞ በፊት የሞተ ተደርጎ ተጻፈ። ሥዕሎቹም የብሩስ እጅ ሥራዎች ሆነው ቀረቡ። «ብቻውን የሮጠን ማን ይቀድመዋል» የሚለው የአበው ተረት እዚህ ላይ መልኩን አገኘ፤ ብሩስ ብቻውን እንዲሮጥ መጀመሪያ ባልንጀራውን ከሜዳው ማውጣት ነበረበት።

ወረቀት ግን ምስክር ነው። ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1794 ከሞተ በኋላ፣ አሌክሳንደር መሪ የተባለ ምሁር መጽሐፉን ለሁለተኛ ጊዜ ሲያዘጋጅ በሟቹ ሰነዶች መካከል ባሉጋኒ በጣልያንኛ የጻፈውን የመንገድ ማስታወሻ አገኘ። ሠዓሊው ወደ ግሽ በተደረገው ጉዞ አብሮ ነበር፤ የየዕለቱን መንገድም በእጁ መዝግቧል። የሞተው ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1771 በጎንደር ነው። ይህ እውነት እ.ኤ.አ. በ1805 በታተመው እትም ለአንባቢ ቀረበ። የባሉጋኒ የእጽዋት ሥዕሎች ዛሬ በአሜሪካ በዬል የብሪታንያ ሥነ ጥበብ ማዕከል በስሙ ተጠብቀው ይገኛሉ። ቦሎኛ ተወልዶ ጎንደር ላይ የሞተው ሰው ስሙን መልሶ ለማግኘት የራሱ እጅ ጽሑፍና የአንድ ሐቀኛ አርታኢ ትጋት አስፈለጉት።

ሆኖም ነገሩ በሁለት አውሮፓውያን መካከል በተፈጸመ በደል ብቻ የሚያበቃ አይደለም። ባሉጋኒ የሣላቸውን እጽዋት ማን አሳየው? ኮሶን ለኮሶ፣ ዋጊኖስን ለተቅማጥ መድኃኒት አድርጎ ሲጠቀም የኖረው የደጋው ሕዝብ ነው። ዋጊኖስ በእጽዋት ሊቃውንት መዝገብ «ብሩስያ» ተብሎ በብሩስ ስም ተመዘገበ። ከፏፏቴው በታች በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራውና እስከ ዛሬ የቆመው የድንጋይ ድልድይም «የፖርቱጋል ድልድይ» እየተባለ ይጠራል፤ ድንጋዩን የፈለጠው፣ ኖራውን ያቃጠለው፣ ከገደሉ አፍ ላይ ተንጠልጥሎ የካበው ሠራተኛ በስያሜው ውስጥ የለም። ባሉጋኒ ማስታወሻ ስለ ጻፈ ከመረሳት ዳነ። ማስታወሻ ያልጻፈውን መንገድ መሪ፣ ግንበኛና መድኃኒት ዐዋቂ ግን ማን ያድነዋል?

አንድ ነገር አድኖታል፤ ቋንቋው። በዛምቤዚ ወንዝ ላይ ያለውን ታላቅ ፏፏቴ የአገሩ ሰዎች «ሞሲ ኦ ቱንያ»፣ የሚያገሣው ጢስ ይሉት ነበር። ዴቪድ ሊቪንግስተን እ.ኤ.አ. በ1855 የአገሬው ሰዎች በታንኳ ወስደው ሲያሳዩት በንግሥቱ በቪክቶሪያ ስም ጠራው፤ ዓለምም በዚያው ስም አወቀው። በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር የተራራቁ ሁለት ሕዝቦች፣ አንዱ የሌላውን ሳይሰማ፣ በሚወድቅ ውኃ ውስጥ ጢስን አዩ። የዓባዩ ጢስ ግን ስሙን አልተነጠቀም። ፓኤዝም ሎቦም ብሩስም አልፈዋል፤ ስፍራው ጢስ እሳት፣ ጢስ ዓባይ እንደ ተባለ ቀርቷል።

ከፏፏቴው በታች ያለው ሸለቆ በአውሮፓ ካርታ ላይ ለረጅም ጊዜ ባዶ ሆኖ ቆየ። እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የብሪታንያ ቆንስል የነበረው ቺዝማን በበቅሎና በእግር እየተጓዘ ካርታውን አነሣ፤ እ.ኤ.አ. በ1936ም ስለ ጣናና ስለ ዓባይ የጻፈውን መጽሐፍ አሳተመ። ካርታው ባዶ በነበረበት ዘመን ሁሉ ግን መልካው ባዶ አልነበረም። የቦረናና የጎጃም ሰው በበጋ፣ ውኃው ሲጎድል፣ በዋናና በተነፋ ስልቻ እየተረዳዳ ይሻገር፣ ይገበያይ፣ ይጋባ ነበር። በዚያ ማቋረጫ ላይ ባልንጀራ ማለት ጌጥ አይደለም፤ ጎርፉ ሲገፋ እጅ የሚይዝ ማለት ነው። ዛሬ መካነ ሰላምን ከጎጃም ጉንደወይን የሚያገናኘው መንገድ ሸለቆውን በድልድይ ተሻግሮታል።

ጢስ እሳትም እንደ ቀድሞው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1964 የመጀመሪያው፣ በ2001 ሁለተኛው የጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሥራ ጀመረ፤ በ2010 ደግሞ የጣና በለስ ማመንጫ የሐይቁን ውኃ በሌላ አቅጣጫ ወሰደ። በበጋ የሚሄድ መንገደኛ ግርማውን ሳይሆን የጥቁር ድንጋይ ግድግዳና ቀጭን ፈትል ሊያገኝ ይችላል። ገደሉን ሞልቶ የሚወርደውን ለማየት ክረምቱ ሲወጣ መሄድ ይሻላል።

መምህር ተማሪዎቹን፣ ሠዓሊም ባልንጀራውን ይዞ ወደዚያ ሲወጣ ከስንቁ ጋር አንድ ደብተር ይያዝ። ከፍታውን የለኩት ብዙዎች ናቸው፤ አንዳንዶቹም ተሳስተዋል። በደብተሩ ላይ መስፈር የሚገባው ሌላ ነው፦ ታንኳውን የቀዘፈው፣ መንገዱን ያሳየው፣ ውኃውን ያቀበለው ሰው ስም ከነአባቱ። ባሉጋኒን ያህል የተማረ፣ ለዓመታት አብሮ የተጓዘ ሰው በአንድ የብዕር ጭረት ከመንገድ ከጠፋ፣ ደብተር ያልያዘውማ ምን ያህል ይጠፋ!