ሰባት ፊደል ያለው ውሃ

ሻሸመኔን ትቶ በሐላባ በኩል ወደ ሶዶ የሚሄድ አውቶቡስ ሾኔን ካለፈ በኋላ የወላይታዋ ቦዲቲ ላይ ይቆማል። ረዳቱ «ቦዲቲ ወራጅ!» ይላል። ባጃጆች ይከቡታል፣ ሙዝ የያዙ ልጆች መስኮቱ ሥር ይንጠለጠላሉ፣ የሚወርደው ይወርዳል። እኔም አንድ ጊዜ ወርጄ እዚያው ቀረሁ። የምነግራችሁ ግን የእኔን ነገር አይደለም፤ የአንዲት ቃል ነገር ነው። ቃሏም «ውሃ» ናት።

በተከራየሁበት ግቢ አንዲት እማማ አሉ። ስማቸውን አልነግራችሁም፣ ቢሰሙኝ ይቆጡኛል። ከጓሮ እንሰት፣ ከቤት ልጃቸውና የልጅ ልጃቸው አሉ። ትንሿ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከአንደኛ ክፍል በፊት ባለው ኦ ክፍል ትማራለች። አንድ ማታ ደብተሯን ይዛ መጥታ አያቷ ጭን ላይ ዘረጋችው። እማማ መብራቱ ሥር ጠጋ ብለው አዩት፣ ገለበጡት፣ እንደገና አዩት።

«ይኼ የፈረንጅ ነው» አሉ።

«ወላይትኛ ነው እንጂ!» አለች ልጅቷ። ጣቷን አስቀምጣ አነበበችላቸው፤ «ሃታ»። ውሃ ማለት ነው።

እማማ ሳቁ። እስክሪብቶ ተቀበሉና ከሥሩ በሁለት ፊደል «ሃታ» ብለው ጻፉ። የልጅቷ ሰባት ፊደል ነበር፤ አንድ ኤች፣ ሁለት ኤ፣ ሁለት ቲ፣ እንደገና ሁለት ኤ። «እኔ በሁለት የጨረስኩትን ውሃ አንቺ በሰባት ትቀጂያለሽ?» አሏት።

እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም፤ «እማማ፣ ያነባሉ እንዴ?» አልኳቸው።

«ምን ማለትህ ነው ልጄ? ሰርተፊኬት አለኝ!»

እውነታቸውን ነው። በ1971 ዓ.ም. ክረምት የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በአገሩ ሁሉ ሲታወጅ ወላይትኛ ከመማሪያ ቋንቋዎቹ አንዱ ሆነ። ዘመቻው እያደር 15 ቋንቋዎችን ያዘ፤ ሁሉም የተጻፉት በግዕዝ ፊደል ነበር። እማማ ያኔ አዲስ ሙሽራ ነበሩ። ቀን እንሰት ሲፍቁ ውለው ማታ በኩራዝ ብርሃን ሀሁ ቆጠሩ። የራሳቸውን ቋንቋ በወረቀት ላይ ያዩት በዚያ ፊደል ነው፤ ለእርሳቸው ወላይትኛ ማለት ያ ነው።

አሁን ወደ ልጃቸው እንምጣ፤ ወደ ትንሿ እናት። ደርግ ወድቆ በ1980ዎቹ አጋማሽ ወላይትኛ በላቲን መጻፍ ጀመረ፣ ትምህርት ቤቱም በዚያው ሄደ። እርሷ የተማረችው በዚህ ነው። ግን መሃል ላይ አንድ ነገር መጣ። ያኔ ወላይታ የሰሜን ኦሞ ዞን አካል ነበር፤ መናገሻው አርባ ምንጭ። የወላይታ፣ የጋሞ፣ የጎፋና የዳውሮ ቋንቋዎች ይቀራረባሉ ተባለና አራቱን ቀላቅለው አንድ የመማሪያ ቋንቋ አወጡ። ስሙንም ከአራቱ ስሞች መነሻ ቆርጠው ሰፉት፤ ወጋጎዳ። በእርሱ የአንደኛ ደረጃ መማሪያ መጻሕፍት ታተሙና ወረዱ።

የማንም እናት የማትናገረው ቋንቋ! አሳቡን ያመነጨ ሰው ወጪ ለመቆጠብ አስቦ ይሆናል፣ አልፈርድበትም። ሕፃኑ ግን ገጹን ገልጦ ግማሹን ቃል ያውቀዋል፣ ግማሹን «ይኼ የጎረቤት ነው» ይላል። በ1992 ዓ.ም. ሶዶ ላይ ተቃውሞ ፈነዳ። ሰው ሞተ፣ ብዙዎች ታሰሩ። በመጨረሻ መጻሕፍቱ ተሰበሰቡ፤ ብዙም ሳይቆይ ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። አገር ስለ ድንበር ሲጋደል ሰምታችኋል፣ ስለ ውሃም። ስለ ልጆች መጽሐፍ ደሙን ያፈሰሰ ሕዝብ ግን ስንት አለ?

የትንሿ እናት ያኔ ገና ልጅ ነበረች። «መጽሐፌን በጋዜጣ ሳልለብጠው ወሰዱብኝ» ትላለች። የምታስታውሰው ይኸን ብቻ ነው።

እንግዲህ ቁጠሩ። በአንድ ጣሪያ ሥር ሦስት ሴቶች፣ አንድ ቋንቋ። አያት በግዕዝ ፊደል፣ እናት በላቲን፣ በመሃሉ ሳይለበጥ የተሰበሰበ መጽሐፍ። ሦስተኛዋ ደግሞ ዛሬ ሦስት ነገር በአንዴ ተሸክማለች፤ የወላይትኛውን ላቲን፣ የአማርኛውን ሀሁ፣ የእንግሊዝኛውን ኤቢሲዲ። ኤክስ የምትባለው ፊደል በወላይትኛ «ጥ» ናት፣ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ግን «ክስ» ትሆናለች። ሲ ብቻዋን «ጭ» ናት። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ይምታታብኛል።

ማን ልክ ነው አትበሉኝ። ሰባቱ ፊደል ያለ ምክንያት አልተደረደሩም፤ ወላይትኛ የሚረዝመውን ድምፅ ካጭሩ፣ የሚጠብቀውን ከሚላላው ይለያል፣ ላቲኑም ይኸን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። በእኛ ፊደል «አለ» ብዬ ብጽፍላችሁ «ተናገረ» ይሁን «ይገኛል» በምን ታውቃላችሁ? እማማ ግን ይኸን ሙግት አይቀበሉም። «ሰው አፉን ያውቃል፣ ምን ምልክት ያስፈልገዋል?» ይላሉ።

ከዚህ በኋላ ያለው የልጅቷ የኦ ክፍል መምህርት ነገር ነው፤ መጀመሪያ ግን ክፍሉ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ። በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች አንድ ላይ ሆነው ለሕፃናት የሚሆን ፖሊሲ አወጡ። መዋዕለ ሕፃናት የሌለበት ቦታ ኦ ክፍል በመንግሥት ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ይከፈት፣ ትልልቆቹም ተማሪዎች የሰፈራቸውን ትንንሾች በ«ከልጅ ለልጅ» ያስተምሩ ተባለ። ክፍሉ በፍጥነት ተስፋፋ። መጽሐፉ ግን እንደ ክፍሉ አልፈጠነም። ከ2005 ዓ.ም. ወዲህ በአሜሪካ ተራድኦ ድርጅት ድጋፍ በሰባት ቋንቋ አዲስ የንባብ መጻሕፍት ሲዘጋጁ ወላይትኛ አንዱ ነበር፤ ደስ ይላል። የሚጀምሩት ግን ከአንደኛ ክፍል ነው። ከዚያ በታች ያለች ልጅ ምን ትገልጣለች?

ይኼ የቦዲቲ ብቻ ችግር አይደለም። ከነገሌ ቦረና የተነሣው ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ አሜሪካ ውስጥ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሆኖ ሲፈልግ አማርኛ የልጆች መጽሐፍ አጣ። ማሞ ስለሚባል ቂል ልጅ የሚተርክ መጽሐፍ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተመ፣ አገሩ ገባ፣ በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ። ቀጥሎም እዚሁ ጎረቤታችን ሐዋሳ መጽሐፍ የጫነ የአህያ ጋሪ አዘዋወረ። አማርኛ እንኳ እንዲህ ተፈልጎ ከታጣ፣ ወላይትኛ ምን ይባል?

መምህርቷ አህያም ጋሪም የላትም። ያላት የማዳበሪያ ከረጢት ነው። ገልብጣ አጥባ፣ ጀርባው ላይ በማርከር ፊደል ጻፈችና በሚስማር ግድግዳ ላይ ሰቀለችው፤ ቢረጥብም አይቀደድም። መቁጠሪያዋ የለስላሳ ጠርሙስ ክዳን ነው። አንድ ቀን የፓስታ ካርቶን ቆራርጣ፣ በወፍራም መርፌና በማዳበሪያ ክር ሰፍታ እኛ ግቢ መጣች። «እማማ፣ የጅቡንና የአህያውን ተረት ይንገሩኝ፣ ልጻፈው» አለች።

እማማ ነገሩ። ጅቡ ወንዝ ዳር ቆሞ ሲያጓራ መምህርቷ እስክሪብቶዋን አቆመች፤ መጻፍ ረስታ ትሰማ ነበር። እንደገና አስነገረቻቸው። ልጅቷ አህያውን ሳለች፤ ጆሮው ከገጹ ወጣ። ስምንት ገጽ ሆነ። እማማ ተቀብለው አዩትና አኮረፉ።

«እኔ የነገርኩትን እኔ ማንበብ አልችልም?»

መምህርቷ ትንሽ አሰበች፤ ከዚያ መጽሐፉን ወደ እርሳቸው ገፋ አድርጋ «ከሥሩ እርስዎ ይጻፉበት» አለች። ከሥሩ ቦታው ጠባብ ነበር። መነጽራቸውን ፈልገው፣ ሁለት ማታ ፈጅቶባቸው፣ በሰርተፊኬታቸው ፊደል ጻፉበት።

አሁን ማታ ማታ ከራት በኋላ አብረው ያነባሉ። ልጅቷ የላይኛውን መሥመር፣ አያት የታችኛውን፣ ሁለት ጣት በአንድ ገጽ ላይ። እናትየው ከምድጃው አጠገብ ሆና ጆሮዋን ሰጥታ የሚሳሳቱትን ታርማለች፣ ለላይኛውም ለታችኛውም። ጅቡ ወንዙ ዳር ሲደርስ «ሃታ» የምትለው ቃል ትመጣለች። እማማ በሁለት ፊደል ተሻግረው ጣታቸውን ማዶ ላይ ያሳርፋሉ፤ ልጅቷ ገና ሦስተኛው ላይ ናት። ይጠብቋታል።