ወንጭፍ ወደ ጨረቃ

ትንሽ ረዘም ያለች ጽሑፍ ናት፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቧት።

ባለፈው ሳምንት ስለ ቀዝቃዛው ጦርነት እያስተማርኩ፣ አሜሪካና ሶቭየት ኅብረት ወደ ህዋ ያደረጉት እሽቅድድም ላይ ስንደርስ አንድ ተማሪ እጁን አወጣ። "ቲቸር፣ ሮኬት ነዳጁን ሁሉ ተሸክሞ ከሚወጣ ከላይ በገመድ ለምን አይጎትቱትም?" ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ፈገግ ብዬ አለፍኩት። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳነብ ግን አፈርኩ። ልጁ የጠየቀው ነገር ትላልቅ ሊቃውንት ከመቶ ዓመት በላይ የተጨነቁበት ነው። ስለዚህ ይቺ ጽሑፍ ለእሱ ያለብኝ ዕዳ ናት።

ችግሩን በቁጥር እንየው። እ.ኤ.አ. በ1969 አፖሎ 11ን የተሸከመው ሳተርን 5 ሮኬት ሲነሳ ወደ 3,000 ቶን ይመዝን ነበር። ወደ ጨረቃ የሄደው ግን 45 ቶን ገደማ ነው። ሰዎቹን ይዛ ውቅያኖስ ላይ ያረፈችው ክፍል ደግሞ 5 ቶን ያህል ብትሆን ነው። ሌላው የት ገባ? አብዛኛው ነዳጅ ነዋ! ጭነቱን ለማንሳት ነዳጅ፣ ነዳጁን ለማንሳት ሌላ ነዳጅ፣ ያንንም ለማንሳት ሌላ።

ይህን ሒሳብ በቀመር አስቀምጦ በ1903 ያሳተመው ሩሲያዊው ኮንስታንቲን ፂዮልኮቭስኪ ነው። በልጅነቱ ታሞ ጆሮው የደከመ፣ ካሉጋ በምትባል ከተማ የሚያስተምር መምህር ነበር። (አዎ፣ እንደኔ የትምህርት ቤት መምህር! ደመወዙን ግን አትጠይቁኝ።) የሚገርመው ይኸው ሰው ቀደም ብሎ በ1895 የፓሪሱን ኤፍል ታወር መነሻ አድርጎ ሰማይ የሚደርስ ማማ አስቦ ነበር። በ1960 ደግሞ የሌኒንግራዱ መሐንዲስ ዩሪ አርትሱታኖቭ ነገሩን ገለበጠው። ከታች ወደ ላይ ከመገንባት፣ 36,000 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ካለች ሳተላይት ገመድ ወደ ምድር እናውርድ አለ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ያን ያህል ርዝመት የራሱን ክብደት ችሎ የማይበጠስ ገመድ ግን አልነበረም። ዛሬም የለም።

እዚህ ላይ ነው ወንጭፍ የሚመጣው። በ1977 ሃንስ ሞራቬክ የተባለ ወጣት ተመራማሪ ገመዱ መሬት ላይ መታሰር የለበትም የሚል ጥናት አሳተመ። አጠር ያለ ገመድ ምህዋር ላይ ሆኖ ልክ እንደ ጎማ ይሽከርከር። ብስክሌት የነዳ ሰው ያውቀዋል፤ ብስክሌቱ እየሄደ እንኳ ጎማው መሬት የሚነካበት ነጥብ ለቅጽበት ቆሞ ነው ያለው፣ የላይኛው ጫፍ ግን በእጥፍ ይፈጥናል። ገመዱም እንዲሁ ነው። ታች ያለው ጫፍ ዝግ ሲል ጭነት ይይዛል፣ ግማሽ ዙር ዞሮ ከላይ ሲደርስ ይለቀዋል። ጭነቱም ማሽላ ጠባቂ እንደወነጨፈው ጠጠር ይፈተለካል። ሞራቬክ እንዳሰላው ስበቷ ደካማ ለሆነችው ለጨረቃ በዚያን ጊዜ የነበረው ኬቭላር የተባለ ክር ራሱ ይበቃል።

በ1990ዎቹ ሮበርት ፎርዋርድና ሮበርት ሆይት የተባሉ አሜሪካውያን ሐሳቡን አሰፉት። አንድ ገመድ በምድር ዙሪያ፣ ሌላው በጨረቃ ዙሪያ፤ አንዱ ይወረውራል፣ ሌላው ይቀልባል። ነጠላ ገመድ አንዲት ቅንጣት መትታ ብትበጥሰውስ? ሆይት እንደ መረብ የተያያዙ ብዙ ክሮች ይሁኑ አለ፤ አንዱ ቢበጠስ ሌሎቹ ይሸከማሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይሄ አይደል?

ስጋቱ ደግሞ ወሬ አይደለም። ናሳ በ1993 ባደረገው ሙከራ 20 ኪሎ ሜትር ገመድ ህዋ ላይ ዘርግቶ፣ ጫፉ ላይ የነበረውን 26 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ዕቃ ያለ ሮኬት ግፊት ወደ ምድር ወረወረው። ተሳካ! በዓመቱ የተዘረጋው ተመሳሳይ ገመድ ግን በቀናት ውስጥ ተበጠሰ። በ1996 ኮሎምቢያ መንኮራኩር አንዲት ሳተላይት በገመድ አስራ ለቀቀች፤ 20 ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው የኤሌክትሪክ ብልጭታ ገመዱን አቃጥሎ በጠሰው። በ2007 አውሮፓ ውስጥ ተማሪዎች የተሳተፉበት ሙከራ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ገመድ ዘረጋ። የወረወሯት እቃ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘችም።

ለእኔ ግን ትልቁ ቁም ነገር ገመዱ መበጠሱ አይደለም። የፊዚክስ መምህሩ ባልደረባዬ እንዳስረዳኝ ወንጭፉ ነፃ ጉልበት የለውም። ለጭነቱ የሚሰጠው ፍጥነት ከራሱ የሚቀነስ ስለሆነ በወረወረ ቁጥር ዝቅ ይላል። ብድሩ ካልተመለሰ መጨረሻው ወድቆ መቃጠል ነው። መክፈያው ሁለት ነው። አንደኛው ከፀሐይ ኤሌክትሪክ አመንጭቶ፣ ጅረቱን በገመዱ ውስጥ አሳልፎ፣ የምድርን መግነጢስ እየገፉ ቀስ በቀስ መነሳት። ሁለተኛው ከጨረቃ የሚመጣ ጭነት ተቀብሎ ማውረድ ነው፤ ያኔ የሰጠው ጉልበት ይመለስለታል።

ይሄን ስሰማ ሲራራ ነጋዴ ትዝ አለኝ። ጨው ጭኖ የወጣ ነጋዴ በቅሎውን ባዶ እየነዳ አይመለስም። መንገድ የሚቆመው በሁለት ወገን ጭነት ነው። ስድስቱ የአፖሎ ጉዞዎች በድምሩ ከጨረቃ ያመጡት ግን 382 ኪሎ ድንጋይና አፈር ብቻ ነው። እንግዲህ ይህ ሐሳብ እስካሁን ወረቀት ላይ የቀረው ገመድ ስለጠፋ ብቻ አይደለም። የመልስ ጭነትም ስለሌለ ነው።

ሰኞ ክፍል ስገባ መጀመሪያ ያን ልጅ በሁሉም ፊት ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ቀጥዬ "ከጨረቃ ምን ጭነን እንመለስ?" ብዬ ለክፍሉ የቤት ሥራ እሰጣለሁ። እናንተስ ምን ትላላችሁ? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። የሚስቅ ካለ ግን ቀስ ይበል፤ እኔም ስቄ ነበር።