የቡችላ ዕቃ ማኘክ

የቡችላ ዕቃ ማኘክ ገና ያላደገ ውሻ በቤትና በግቢ ያሉ ነገሮችን፣ ለምሳሌ ጫማ፣ ልብስ፣ የወንበር እግር ወይም የኤሌክትሪክ ገመድ፣ በጥርሱ የሚያበላሽበት ባህርይ ነው። በአብዛኛው ከ3 እስከ 7 ወር ባለው ዕድሜ ይበረታል። የዕድገት አንድ ክፍል ስለሆነ በሽታም ተንኮልም አይደለም። ቸል ከተባለ ግን ቡችላው ሊመረዝ፣ ሊታነቅ ወይም በኤሌክትሪክ ሊያዝ ይችላል። ባለቤቱ ተማርሮ ሜዳ ላይ ከጣለው ደግሞ ያልተከተበ የጎዳና ውሻ ይሆናል። የእብድ ውሻ በሽታ ባለባት ኢትዮጵያ ይህ የሰውንም ጤና ይነካል።

መንስኤዎች

ቡችላ ያለ ጥርስ ይወለዳል። የወተት ጥርሶቹ ከ3ኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ ይወጣሉ፤ ሲሟሉ 28 ናቸው። ወደ 4 ወር ገደማ እነዚህ መውለቅ ይጀምራሉ፤ 7 ወር ገደማ ሲሞላው 42 ቋሚ ጥርሶች ይኖሩታል። በዚህ ጊዜ ድዱ ስለሚያሳክከውና ስለሚያመው ያገኘውን ሁሉ በማኘክ እፎይታ ይፈልጋል። ቡችላ እጅ ስለሌለው አዲስ ነገርን የሚመረምረውም በአፉ ነው።

ሌሎቹ መንስኤዎች ረሃብ፣ ስራ መፍታት፣ እንቅስቃሴ ማጣትና ብቻውን ሲቀር የሚሰማው ጭንቀት ናቸው። በኢትዮጵያ ከተሞች ውሻ በአብዛኛው የሚያዘው ለግቢ ጥበቃ ሲሆን ቀን አስሮ ሌሊት የመፍታት ልማድ አለ። ቀኑን ሙሉ ታስሮ የሚውል ቡችላ ጉልበቱን የሚያወጣበት ስለሌለው፣ ሲፈታ ያገኘውን ይጥላል፣ ይጎትታል፣ ያኝካል።

ልማዱን የማስተው ዘዴ

የመጀመሪያው እርምጃ ዕቃን ከቡችላው ማራቅ ነው። ጫማ በር ላይ በሚወልቅበት ቤት ከፍ ያለ መደርደሪያ ማዘጋጀት፣ ሰፌድና መሶብ መስቀል፣ የቻርጀር ገመድን ከሶኬት ነቅሎ ማንሳት ይጠቅማል። ሰው በማይኖርበት ሰዓት ቡችላው ውሃና ጥላ ባለው በታጠረ ቦታ ቢቆይ ከመታሰር ይሻለዋል።

ሁለተኛው የሚፈቀድለትን ማኘኪያ መስጠት ነው። ጠንካራ የጎማ መጫወቻ፣ ወፍራም የተቋጠረ ገመድ፣ ወይም ረጥቦ የቀዘቀዘ ጨርቅ ድዱን ያሳርፋል። ጨርቅና ገመድ እየተቦጨቁ እንዳይዋጡ ሰው ባለበት ብቻ ይሰጣሉ። አሮጌ ጫማ ግን ለመጫወቻ አይመረጥም፤ ቡችላ አሮጌውን ከአዲሱ ለይቶ ስለማያውቅ ጫማ ሁሉ የተፈቀደ ይመስለዋል።

ሦስተኛው መለዋወጥ ነው። ያልተፈቀደ ነገር በአፉ ይዞ ሲገኝ፣ ከማባረር ይልቅ ቁራሽ ምግብ ወይም መጫወቻ እያሳዩ «ልቀቅ» ማለት፣ ሲለቅ ማመስገንና የተፈቀደለትን መስጠት ይገባል። ማባረር ለቡችላ ጨዋታ ነው። በየቀኑ መራመድ፣ መጫወትና በሰዓቱ መመገብም ማኘኩን ይቀንሳል።

መምታት አይመከርም። ውሻ ቅጣትን የሚያያይዘው በዚያው ቅጽበት ከሚሆነው ነገር ጋር ነው። ከሰዓታት በኋላ የተቦጫጨቀ ጫማ እያሳዩ ቢመቱት የሚማረው ባለቤቱን መፍራት ነው። አንገቱን ደፍቶ ጭራውን መቆለፉም ጥፋቱን ማመኑ ሳይሆን ቁጣውን መፍራቱ ነው። ፍርሃት ደግሞ ወደ መንከስ ሊያመራ ይችላል።

አደገኛ ነገሮች

የአይጥ መርዝ፣ መድኃኒት፣ የባትሪ ድንጋይ፣ ቡና፣ ቸኮላት፣ ዘቢብ፣ ቀይና ነጭ ሽንኩርት ለውሻ መርዛማ ናቸው። ስለዚህ ሽንኩርት የበዛበት የወጥ ትራፊ ለቡችላ ምግብ አይሆንም። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል፤ በጣም ጠንካራ አጥንትም ጥርስ ይሰብራል።

አካባቢውም የራሱ አደጋ አለው። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የቆላ ቀርከሃ ወይም ሽመል በብዛት ይበቅላል፤ ለአጥር፣ ለቤት ግድግዳና ለዕቃ መሥሪያ ያገለግላል። ቡችላ የደረቀ ቀርከሃ ሲያኝክ ስንጣሪው ድዱንና ምላሱን ሊወጋው ይችላል። አሶሳና አካባቢዋ በማንጎ የታወቁ ናቸው፤ ግቢ ውስጥ የሚወድቀው የማንጎ ፍሬ ጣፋጭ ስለሆነ ቡችላ ይወደዋል፣ ሆኖም ከተዋጠ አጥንቱ አንጀት ሊዘጋ ይችላል። በማንጎ ወቅት ግቢን በየዕለቱ መጥረግ ይህን ይከላከላል። የሚያስመልስ፣ ምግብ የሚጠላና ሆዱ የተነፋ ቡችላ ወደ እንስሳት ሐኪም ሊወሰድ ይገባል።

ከእብድ ውሻ በሽታ መለየት

በእብድ ውሻ በሽታ የተያዘ ውሻም እንጨት፣ ድንጋይና አፈር ሊያኝክ ይችላል። ልዩነቱ በአመጣጡና አብረውት በሚታዩት ምልክቶች ነው። ጥርስ የሚያበቅል ቡችላ ይበላል፣ ይጫወታል፣ ባለቤቱን ያውቃል፤ ማኘኩም ቀስ በቀስ የመጣ ነው። በሽታው ያለበት ግን ጠባዩ በድንገት ይለወጣል፣ ለሀጩ ይዝረበረባል፣ መዋጥ ያቅተዋል፣ ድምፁ ይለወጣል፣ ያለ ምክንያት ይናከሳል፣ በመጨረሻም ሰውነቱ ይሽመደመዳል። መዋጥ ያቃተውን ውሻ አጥንት ተሰንቅሮበት ነው ብሎ እጅን አፉ ውስጥ መክተት ለሞት ያጋልጣል።

በሽታው በለሀጭ ስለሚተላለፍ፣ ቡችላ በጨዋታ መካከል ቆዳ ቢቧጥጥም ቁስሉ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይታጠባል፤ ከዚያም ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ በሽታው ገዳይ ነው፤ ከዚያ በፊት በጊዜ የሚሰጥ ክትባት ግን ያድናል። ቡችላ የመጀመሪያውን የእብድ ውሻ ክትባት በተለምዶ የሚወስደው 3 ወር ሲሞላው ነው፤ ይኸውም ማኘኩ መበርታት በሚጀምርበት ዕድሜ ላይ ነው።