ጠመንጃው አገር ገባ፤ ጥይቱስ?

አዲስ ሽጉጥ የያዘ ሰው ወዳጆቹ ዙሪያውን ሲከቡት የሚጠይቁት ስለ ሽጉጡ ነው። የት አገር ሥራ ነው? ስንት ይጎርሳል? ስንት አወጣህበት? ከመካከላቸው ነገር የገባው አንድ ሽማግሌ ካለ ግን፣ ሽጉጡን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ ካየ በኋላ፣ «ለመሆኑ ጥይቱን ከየት ልታመጣ ነው?» ይላል።

የሽማግሌው ጥያቄ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1935 ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «.357 ማግነም» የሚባለውን ኃይለኛ ጥይት ከነስድስት ጎራሽ ሽጉጡ ለገበያ ሲያቀርብ፣ የአረሩ ውፍረት ከነባሩ «.38 ስፔሻል» ጋር አንድ ነበር። ሠሪዎቹ ግን ቀለሁን ሆን ብለው በሦስት ሚሊሜትር ያህል አስረዘሙት። አሮጌው ጥይት በአዲሱ ሽጉጥ ይተኮሳል፤ አዲሱ ጥይት ግን በአሮጌው ሽጉጥ ውስጥ ገብቶ አይዘጋም። ይህ ባይደረግ ኖሮ የአዲሱን ባሩድ ግፊት የማይችለው አሮጌ ሽጉጥ በባለቤቱ እጅ ላይ ይፈነዳ ነበር። ሦስት ሚሊሜትር ናስ የሰውን ጣቶች ታተርፋለች ማለት ነው።

ለአንድ ሰው የጣት ጉዳይ የሆነው ለአንድ አገር የህልውና ጉዳይ ይሆናል። በዚያው በ1935፣ በእኛ አቆጣጠር 1927 መገባደጃና 1928 መባቻ ላይ፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ከጣሊያን ጋር ሊገጥም ሲዘጋጅ ያስጨነቀው ይኸው የጥይት ነገር ነበር። ጭንቀቱ የጀመረው ግን ከ70 ዓመት ገደማ በፊት፣ በመቅደላ ግርጌ ነው።

በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን አብዛኛው የአገራችን ጠመንጃ በአፈሙዙ የሚጎርስ ነበር። ባለ ጠመንጃው ባሩዱን በአፈሙዙ ያፈስሳል፣ አረሩን ያስከትላል፣ በዘንግ ይጠቀጥቃል፣ ከዚያ ያነጣጥራል። ቀርፋፋ መሣሪያ ነው፤ ዝናብ ሲመታውም ይከዳል። ሆኖም አንድ ትልቅ ጸጋ ነበረው፤ የሚበላውን አይመርጥም። ባሩዱ እዚሁ አገር ይቀመማል፤ አረሩ ከእርሳስ ይቀልጣል፣ እርሳስ ሲታጣም ብረት ይተካዋል። ጠመንጃው የባሕር ማዶ ቢሆንም ምግቡ የአገር ቤት ነበር።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ ላይ የእንግሊዝ ወታደሮች ይዘውት የመጡት ስናይደር፣ ያገሬው ሰው በኋላ «ሰናድር» ያለው፣ ከኋላው የሚጎርስ ነበር። ባሩዱ፣ አረሩና መለኮሻው በአንድ ቀለህ ውስጥ ተጠቅልለዋል፤ የሠለጠነ ወታደር በደቂቃ እስከ አሥር ጊዜ ሊተኩስበት ይችላል። የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ከአምባው ወርዶ ዝናብ እየወረደበት ገጠመ። ከኢትዮጵያውያኑ ወደ 700 የሚሆኑ ሲወድቁ ከእንግሊዞቹ የቆሰሉት 20 ያህል ብቻ ነበሩ። ከሦስት ቀን በኋላ አፄ ቴዎድሮስ ንግሥት ቪክቶሪያ በላከችላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ሰዉ። የዚያን ዕለት ታሪክ ስናነሳ ስለ ሽጉጡ ብዙ እንላለን። እኔን የሚገርመኝ ግን ቀለሁ ነው። ቀለህ የሚጎርስ ጠመንጃ የያዘ ጦር ምግቡን በራሱ ማድ ቤት አያበስልም፤ ፋብሪካ ካለው ሰው እጅ መጉረስ አለበት።

ከዚያ በኋላ የመጣው የጠመንጃ ጎርፍ ነው። አፄ ዮሐንስ በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራ ላይ ግብፆችን ሲያሸንፉ ብዙ ረሚንግተን ማረኩ። ከጂቡቲና ከታጁራ በኩል ፈረንሳይ ሠራዊቷን ስታድስ የጣለችው «ፉዚ ግራ» ገባ፤ ስሙም «ውጅግራ» ሆነ። የጣሊያኑ ቬተርሊ «ወጨፎ»፣ የኦስትሪያው ማንሊኸር «ምንሽር» ተባሉ። ያገሬው ሰው የጠመንጃዎቹን ስም እንደ አፉ አቀናው፤ የጥይታቸውን ልክ ግን ማቅናት አልቻለም። ውጅግራና የግብፁ ረሚንግተን ሁለቱም ወደ 11 ሚሊሜትር ይጠጋሉ። በዓይን ሲታዩ ወንድማማች የሚመስሉት ጥይቶቻቸው ግን አንዱ በሌላው ቤት አይገቡም። የሰናድር ደግሞ ከ14 ሚሊሜትር በላይ ነው፤ ለእነዚያ ሁሉ አባት ይሆናል።

ነጋዴዎቹ ለዚህ ብዙም ግድ አልነበራቸውም። ባለቅኔው አርተር ራምቦ በ1879 ዓ.ም. ከታጁራ ተነሥቶ ወደ ሸዋ ያመጣው ጭነት ጥሩ ምሳሌ ነው። ወደ 2,000 የሚጠጉ፣ በአውሮፓ ጊዜ ያለፈባቸው በአፈሙዝ የሚጎርሱ ጠመንጃዎችና በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠር የረሚንግተን ጥይት ነበር። ልብ በሉ፤ ከጠመንጃዎቹ አንዱም ያንን ጥይት አይጎርስም። ንጉሥ ምኒልክ በዚያ ጊዜ ሐረርን ይዘው እዚያ ያገኙት መሣሪያ ስለነበራቸው ራምቦን በርካሽ ዋጋ አሰናበቱት። ራምቦ በደብዳቤዎቹ ሲያማርር ኖሯል። ለእኔ ግን ገዢው ዕቃውን የሚያውቅ ሰው ሆኖ ይታየኛል።

ምኒልክ የጥይትን ነገር ጠንቅቀው ለማወቃቸው ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ አለ። የውጫሌ ውል ጠብ ከተነሣ በኋላም ከጣሊያን ጋር የነበራቸውን ግንኙነት ቶሎ አልቆረጡም። በ1885 ዓ.ም. ዶክተር ትራቨርሲ ከሮም መንግሥት ሁለት ሚሊዮን ጥይት ይዞ ሸዋ ገባ። በዚያው ሰሞን፣ በየካቲት ወር፣ ንጉሠ ነገሥቱ ውሉን ማፍረሳቸውን ለአውሮፓ ነገሥታት አስታወቁ። ጥይቱ ይቅደም፣ ደብዳቤው ይከተል ብለው ነው? የልባቸውን እሳቸው ያውቁታል፤ አጋጣሚ ነው ለማለት ግን ይከብደኛል።

በዓድዋ ደግሞ የጥይት ምርጫ ጣሊያኖቹንም ጠልፏቸዋል። ጣሊያን ከ1891 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ካርካኖ የተባለ 6.5 ሚሊሜትር አዲስ ጠመንጃ ነበራት። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የተሰለፈው አብዛኛው የባራቲየሪ ጦር የያዘው ግን አሮጌውን ወጨፎ ነው። የጦር ታሪክ ጸሐፊዎች ምክንያቱን ሲያስረዱ፣ በመጋዘን የተከማቸው የአሮጌው ጥይት ማለቅ ስለነበረበትና ቅኝ ግዛቱ በአንድ ዓይነት ጥይት እንዲሠራ ስለተፈለገ ነው ይላሉ። ከጦርነቱ በኋላ 56ቱ መድፎችና ወደ 11,000 የሚጠጉ ጠመንጃዎች በኢትዮጵያውያን እጅ ገቡ። ድል ያደረገው ሠራዊትም ከምርኮው ጋር የሽማግሌውን ጥያቄ ወረሰ፤ የወጨፎ ጥይት የሚሠራው ጣሊያን አገር ነውና።

ይህ ሁሉ በሕዝቡ ኑሮ ውስጥ ምን መልክ ያዘ ቢሉ፣ ጥይት ገንዘብ ሆነ። ያለፈው ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ በደቡብና በምዕራብ ብዙ ገበያዎች የውጅግራ ጥይት ከአሞሌና ከጠገራ ብር ጎን እየተቆጠረ እንደ ዝርዝር ይገበያዩበት ነበር። ለምን ቢባል ነገሩ ግልጽ ነው። ጠገራ ብር ለትንሽ ነገር ትልቅ ነው፤ አሞሌ ዝናብ ያሟሟዋል። ጥይት ግን ሁሉም ይፈልገዋል፣ መጠኑ አንድ ነው፣ ለመያዝም ይቀላል። የተተኮሰው ቀለህም አይጣልም፤ ያገር ቤት ባሩድና አዲስ አረር ተሞልቶ እንደገና ይወጣል። እንዲህ የተሞላው ጥይት አንዳንዴ ይከሽፋል፤ ስለዚህ ሻጭ የገዢውን ጥይት አገላብጦ ማየት ነበረበት። ሐሰተኛ ብር መሆኑ ነው! ወታደሩም ወገቡን የታጠቀው ዝናር መሣሪያውም ቦርሳውም ነበር። ሆኖም የገንዘብ ክፉ ጠባዩ መቆጠቡ ነው። ዒላማ ልምምድ ላይ ጥይት ማፍሰስ ለገበያ የያዙትን ብር ወደ ሰማይ እንደ መበተን ነው፤ ስለዚህ ጠመንጃ ታጥቆ ብዙም ሳይተኩስ የሸመገለ ወታደር አይጠፋም።

በነሐሴ 1922 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከጣሊያን ጋር የጦር መሣሪያ ውል ተፈራረመች። መንግሥቱ መሣሪያ የማስገባት መብቱ ታወቀለት። ነገር ግን ወደቦቹ ሁሉ የእነዚሁ የሦስቱ ነበሩ። በ1927 ክረምት ጦርነቱ ሲቃረብ እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም አሉ። ጥይት የሚሠራ ፋብሪካ ላላት ጣሊያን ይህ ምንም አይደለም። የመንግሥታቱ ማኅበር በኢትዮጵያ ላይ የተጣለውን እገዳ ያነሣው በጥቅምት 1935 (እ.ኤ.አ.)፣ ጣሊያን መረብን ከተሻገረች በኋላ ነው። በመካከሉ ከማይጠበቅ ወገን፣ ከጀርመን፣ 10,000 ማውዘርና 10 ሚሊዮን ጥይት በምስጢር ተገኘ። ሒሳቡን አስሉት፤ ለአንድ ጠመንጃ 1,000 ጥይት ይደርሰዋል። ያንን ዕቃ ያዘዘው ሰው የሽማግሌው ጥያቄ ገብቶታል። የቀረው ክተት ሠራዊት ግን የአያቱን ውጅግራ፣ የአባቱን ወጨፎ ይዞ በየዝናሩ የሚቆጠር ጥይት ጨብጦ ዘመተ። ጎን ለጎን የተሰለፉ ሁለት ወንድማማቾች አንዱ ጥይት ሲያልቅበት ከሌላው መበደር አይችልም ነበር።

ከማይጨው በኋላ ጫካ የገባው አርበኛ ነገሩን በራሱ መንገድ ፈታው። ጥሩ ጠመንጃ ማለት ጠላት ጥይቱን በብዛት ይዞለት የሚመጣው ጠመንጃ ነው። ካርካኖ በማረከ ቁጥር ጥይቱ በየኬላው፣ በየመኪናው፣ በየባንዳው ወገብ ላይ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል።

ጣሊያኖቹ በበኩላቸው በኢትዮጵያና በሊቢያ ካዩት ተነሥተው 6.5 ሚሊሜትሩ ጥይታቸው መትቶ የመጣል ኃይል ይጎድለዋል አሉ። ስለዚህም እ.ኤ.አ. በ1938 አዲስ 7.35 ሚሊሜትር ጥይትና እሱን የሚጎርስ ጠመንጃ አወጡ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ታላቁ ጦርነት ደረሰ። ለአንድ ሠራዊት ሁለት ዓይነት ጥይት ማቅረብ እንደማይቻላቸው ሲረዱ ወደ አሮጌው ተመለሱ። ካዲሶቹ ጠመንጃዎችም ወደ 90,000 የሚሆኑትን ለፊንላንድ ሰጡ። የፊንላንድ ወታደሮችም ሌላው ጠመንጃቸው የማይጎርሰውን ጥይት ለብቻው ሲያጓጉዙ ከረሙ።