የካሊፎርኒያ ትምህርት ቤቶችና የንብረት ግብር

በካሊፎርኒያ እስከ 1970ዎቹ ድረስ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ዋነኛ የገቢ ምንጭ በየአካባቢው ቤትና መሬት ላይ በየዓመቱ የሚጣለው የንብረት ግብር ነበር። የትምህርት ዲስትሪክት፣ ማለትም ነዋሪዎች በመረጡት ቦርድ የሚመራ የትምህርት አስተዳደር፣ የግብሩን መጣኔ ከተወሰነለት ጣሪያ በላይ ለማሳደግ ሲፈልግ ጉዳዩን ለሕዝበ ውሳኔ ያቀርብ ነበር፤ ድምፅ ከሰጡት መካከል ከግማሽ በላይ የሆኑት ከደገፉትም ጭማሪው ይጸና ነበር።

ሥርዓቱ በነዋሪው ፈቃድ ላይ የቆመ መሆኑ ፍትሐዊ ቢያስመስለውም፣ ፈቃድ ብቻውን ትምህርት ቤት እንደማይገነባ አኃዞቹ ያሳያሉ። በ1968–69 የትምህርት ዘመን የባልድዊን ፓርክ ነዋሪዎች ከእያንዳንዱ 100 ዶላር የንብረት ግምት 5.48 ዶላር ሲከፍሉ፣ የባለጸጎቹ የቤቨርሊ ሂልስ ነዋሪዎች የሚከፍሉት 2.38 ዶላር ብቻ ነበር። ይሁን እንጂ በቤቨርሊ ሂልስ ለአንድ ተማሪ የሚደርሰው የንብረት ግምት 50,885 ዶላር፣ በባልድዊን ፓርክ ግን 3,706 ዶላር በመሆኑ፣ ለአንድ ተማሪ የሚወጣው ወጪ በመጀመሪያዋ ከተማ 1,232፣ በሁለተኛዋ 577 ዶላር ነበር። ድኻው ከእጥፍ በላይ በሆነ መጣኔ እየገበረ የሚያገኘው ከግማሽ ያነሰ ነበር ማለት ነው።

ይህን አድልዎ በመቃወም የሎስ አንጀለስ ወላጆች በመሠረቱት ክስ፣ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1971 የልጅ ትምህርት በጎረቤቶቹ ሀብት ሊወሰን እንደማይገባ ገለጸ፤ የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1973 ከቴክሳስ በቀረበለት ተመሳሳይ ጉዳይ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ተቃራኒውን ቢወስንም፣ የካሊፎርኒያው ፍርድ ቤት በ1976 በግዛቱ ሕገ መንግሥት ላይ ተመሥርቶ አቋሙን አጸና።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በሰኔ 1978፣ ሃዋርድ ጃርቪስና ፖል ጋን ፊርማ አሰባስበው ያቀረቡት 13ኛው የውሳኔ ሐሳብ በ65 በመቶ ገደማ ድምፅ ጸደቀ። የንብረት ግብር ከንብረቱ ግምት ከ1 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ግምቱም ንብረቱ እስካልተሸጠ ድረስ በዓመት ከ2 በመቶ በላይ እንዳያድግ፣ ለተለየ ዓላማ የሚጣል የአካባቢ ግብር ደግሞ የሁለት ሦስተኛ ድምፅ እንዲያስፈልገው ደነገገ። የኢኮኖሚ ምሁሩ ዊልያም ፊሸል ይህን የግብር ከፋዮች ዐመፅ ከፍርድ ቤቱ ውሳኔ ጋር ያያይዙታል፤ በእርሳቸው አመለካከት ባለቤቱ የሚከፍለው ግብር የሰፈሩን ትምህርት ቤት ማበልጸጉ ሲያከትም የመክፈል ፍላጎቱም አብሮ ጠፋ። ሐሳቡ ብርቱ ነው፤ ነገር ግን በዚያው ዘመን የቤት ዋጋ ንሮ ግብሩም አብሮት መናሩን አሳንሶ ያያል።

የንብረት ግብር ገቢ በአንድ ዓመት ከግማሽ በላይ በማሽቆልቆሉ የትምህርት በጀት ወደ ግዛቱ መንግሥት እጅ ተጠቃለለ፤ በየአካባቢው የቀረው ዋነኛ መውጫ ፓርስል ታክስ የሚባለው ነው። ይህ ግብር በንብረቱ ዋጋ ላይ ሳይሆን በግብር መዝገብ ለብቻው በተመዘገበ በእያንዳንዱ ቁራሽ መሬት ላይ የሚጣል ሲሆን፣ በአብዛኛው ቁርጥ መጠን ስለሆነ ትንሽ ቤት ያለውም የሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ባለቤትም እኩል ይከፍላሉ። ለእኩልነት ተብሎ የተጀመረው ጉዞ ወደዚህ መድረሱ ምጸት ነው፤ የሁለት ሦስተኛውን ድምፅ በቀላሉ የሚያገኙትም አብዛኛውን ጊዜ ሀብታሞቹ ዲስትሪክቶች ናቸው።

ለምሳሌ ሳን ፍራንሲስኮ በ2008 በአንድ ቁራሽ መሬት 198 ዶላር ለመምህራን ደመወዝና ለትምህርት ማሻሻያ አጽድቃ ነበር። በ2018 በዜጎች ፊርማ የቀረበውና 298 ዶላር የሚያስከፍለው ተጨማሪ ግብር 61 በመቶ ያህል ድምፅ ቢያገኝም፣ ከሁለት ሦስተኛ በማነሱ ሕጋዊነቱ በፍርድ ቤት አከራከረ፤ ከተማዋም በኅዳር 2020 መጠኑን ወደ 288 ዶላር ዝቅ አድርጋ እንደገና ለድምፅ ስታቀርበው ከሚፈለገው በላይ ድጋፍ አገኘ።