ቤዙ የማን ነው?

ባለፈው ሰሞን ቤዝ ጊታሬን ከነአምፕሊፋየሩ ልሸጠው አወጣሁት። ጣቶቼ እንደ ድሮው አልታዘዝ ካሉኝ ቆይተዋል። አምፑም ከሳሎኑ ጥግ ቆሞ የአበባ ማስቀመጫ ሆኗል። ባለቤቴ «ወይ ተጫወትበት፣ ወይ አስወጣልኝ» ማለት ከጀመረች እኔ እንጃ ስንት ዓመቷ ነው።

ሊያየው የመጣው ልጅ ከሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት ዓመት አይበልጥም። ደላላ አላስከተለም። አያያዙን ሳይ እንደሚያውቅበት ገባኝ። ቀለሙን አላየም፤ መጀመሪያ ያየው አንገቱን ነው። ወደ ዓይኑ አስጠግቶ እንደ ጠመንጃ አነጣጠረበት፤ መጉበጥ አለመጉበጡን ሊያረጋግጥ። ከዚያ ወፍራሙን ክር መታና ጆሮውን እንጨቱ ላይ ለጠፈ። በመጨረሻ ቀና ብሎ፣

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ቤዙ የማን ነው?» አለኝ።

«የማን ይሆናል? የኔ ነዋ!»

«አይ፣ አንዳንዱ የመሥሪያ ቤት ወይም የክበብ ንብረት ሆኖ ይገኛል። ነገ ባለቤት ነኝ የሚል እንዳይመጣብኝ ብዬ ነው።»

ሳቅሁ። ልጁ ከሄደ በኋላ ግን ጥያቄው አልሄደም። ስለ ሙዚቃችን ታሪክ ስናወራ ማን ዘፈነው፣ ማን ደረሰው፣ ማን አቀናበረው እንላለን። መሣሪያው የማን ነበር ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም የለም። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ ከጀርባ ቆሜ ቤዝ ስመታ የኖርኩ ሰው ነኝና፣ ይህች ጥያቄ ከሌሎቹ ሁሉ ትበልጣለች ባይ ነኝ።

ከአዝማሪው እንጀምር። አዝማሪ በአገራችን ሲናቅ የኖረ ሰው ነው። ይሰማል፣ ይሸለማል፣ ዞር ሲል ይታማል። ነገር ግን አንድ ነገር ነበረው፤ ማሲንቆው የራሱ ናት። እንጨቱን ጠርቦ፣ ቆዳውን ወጥሮ፣ የፈረስ ጭራውን አስሮ ብዙውን ጊዜ ራሱ ይሠራታል። ጌታው ቢያስቀይመው ማሲንቆውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወደ ሌላ ደጅ ይሄዳል። «ማሲንቆዬን መልስ» የሚለው የለም። ድሃ ነበር፣ እግሩ ግን አልታሰረም።

ዘመናዊው ሙዚቃ ሲመጣ ይህ ተለወጠ። ከአድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሥ ለአፄ ምኒልክ የትንፋሽ መሣሪያዎች ላኩ። እ.ኤ.አ. በ1924 ደግሞ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ያገኟቸውን አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች አምጥተው የቤተ መንግሥቱን የሙዚቃ ጓድ አቋቋሙ፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ። ከዚያ የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች መጡ። የአገር ፍቅርና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ቤቶችም ተከተሉ። ትራምፔቱም፣ ወፍራሙን ድምፅ የሚይዘው ቱባም የመንግሥት ነው፤ በቁጥር ተመዝግቦ ይሰጣል፣ በቁጥር ይመለሳል። ተጫዋቹ ወታደር ከሆነ ደግሞ እሱም ራሱ በቁጥር የተመዘገበ ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ክቡር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ሲሞክር መዘዙ ለዘፋኞቹም ተረፈ፤ ጥላሁን ገሠሠ ሳይቀር ታስሮ ነበር። ዘፋኝ በመሆኑ አላመለጠም። የክቡር ዘበኛ ሰው ነበራ።

በዚህ መሃል በሌላው የዓለም ጫፍ አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ የኔን ሙያ ፈጠረልኝ። ሊዮ ፌንደር ይባላል፤ የካሊፎርኒያዋ ፉለርተን ከተማ ሰው ነው። የሚገርመው፣ ሰውየው ጊታር መጫወት አይችልም ነበር። እስከዚያ ድረስ ወፍራሙን ድምፅ የሚሰጠው ሰው የሚያህለው ኮንትራባስ ነው። መኪና ውስጥ አይገባም፤ ትራምፔትና ድራም ሲጮሁ ደግሞ አይሰማም። ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1951 «ፕሪሲዥን ቤዝ» የሚባለውን አወጣ። ትከሻ ላይ ይንጠለጠላል፣ አራት ክር አለው፣ አንገቱም እንደ ጊታር የብረት መስመር ተበጅቶለታል። ጣት መስመሩን ከተከተለ ድምፁ አይስትም፤ «ፕሪሲዥን» የተባለውም ለዚህ ነው።

ይሁንና አንድ ጣጣ አመጣ። ማሲንቆ በራሷ ትጮኻለች፤ ኤሌክትሪክ ቤዝ ግን ሳይሰካ ምንም ነው። ወፍራሙ ክር በሰከንድ 41 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል። የሰው ጆሮ ደግሞ እንዲህ ያለውን ዝቅ ያለ ድምፅ ለመስማት ሰነፍ ነው። ስለዚህ ጊታሪስቱ በትንሽ አምፕ ሲሰማ፣ ቤዙ እኩል እንዲሰማ ብዙ እጥፍ ኃይል ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣው የአምፔግ ኩባንያ «ኤስ ቪ ቲ» 300 ዋት ነበር፤ ከላይ የሚቀመጠው ክፍል ብቻውን እጅግ ከባድ ነው። ከሥሩ ስምንት ስፒከር የታጨቀበት፣ ቁም ሳጥን የሚያህል ነገር አለ። ይህን ማን ይገዛል? ማንስ ተሸክሞት ይሄዳል? የቤዝ ተጫዋች ነፃነት ያለቀው እዚህ ላይ ነው። ክሩ የሱ ቢሆን እንኳ፣ ድምፁ የአምፑ ባለቤት ነው።

ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ፣ ሆቴሎችና የምሽት ክበቦች ባንድ ማቆም በጀመሩበት ዘመን የሆነው ይኸው ነው። ብዙውን ጊዜ ጊታሩም፣ አምፑም፣ ኦርጋኑም፣ ድራሙም የቤቱ ነበር። ባንዱ «የእገሌ ሆቴል ባንድ» ይባላል። ስሙም ከመሣሪያው ጋር የቤቱ ነው። ተጫዋች ከባለቤቱ ጋር ቢጣላ ይዞት የሚወጣው ነገር ቢኖር ኮቱን ነው። አምስት ጎበዞች ተስማምተው «ሌላ ቤት እንሂድ» ቢሉ፣ ሌላውም ቤት የራሱ መሣሪያና የራሱ ሰዎች አሉት። አባቶቻችን በሰው ወርቅ አይደምቁም ያሉት እንዲህ ያለውን ነው።

ይህን ሰንሰለት ለመበጠስ የሞከሩ ነበሩ። በሸክላው በኩል የአምሃ እሸቴን ታሪክ ብዙ ሰው ያውቀዋል። ሸክላ የማሳተም መብት ለአገር ፍቅር ብቻ በተሰጠበት ጊዜ፣ በ1961 ዓ.ም. ገና ወጣት ሳለ ደፍሮ አሳተመ፤ ከዚያ በኋላ በሩ ተከፈተ። በመሣሪያው በኩል ያሉት ግን ያን ያህል አይወራላቸውም። ዋልያስ ባንድን እንውሰድ። ኃይሉ መርጊያ ኦርጋን፣ ሞገስ ሀብቴ ሳክስፎን፣ መላኬ ገብሬ ቤዝ ይጫወቱበት የነበረው ባንድ ነው። ከዘመኑ ባንዶች የሚለዩበት አንዱ ነገር የራሳቸውን መሣሪያ ገዝተው፣ ራሳቸውን ችለው መቆማቸው ነው። ሒልተን ለዓመታት ሲጫወቱ እንደ አገልጋይ አልነበሩም፤ ተዋውለው የገቡ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1977 ያወጡት «ቼ በለው» ላይ ያለውን «ሙዚቃዊ ስልት» ዛሬ በሌላ አገር ያሉ ባንዶች ሳይቀሩ ይጫወቱታል። ዜማውን ያዝ አድርጉና ከሥሩ ያለውን ቤዝ ስሙት፤ ያ ቤዝ ባይኖር ዜማው የሚቆምበት መሬት የለውም። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣውን የማሕሙድ አሕመድን «እሬ መላ መላ»ም እንደዚሁ አዳምጡ። ከጀርባ አይቤክስ ባንድ ነው፤ ቤዙን የሚመታው ጆቫኒ ሪኮ። ማሕሙድን የማያውቅ የለም። ሪኮን የሚያውቅ ስንት ነው?

ደርግ መጣ። ሰዓት እላፊ ታወጀ። ሌሊት መውጣት ስለማይቻል በሩ ተዘግቶ እስኪነጋ የሚጨፈርበት ዘመን ሆነ። እኔም ቤዝ የጀመርኩት በዚያው ዘመን፣ በቀበሌ ኪነት ነው። ከክራሩና ከከበሮው ጋር አንድ ቤዝና አንድ አምፕ ነበረን፤ ከየት እንደመጡ አልተነገረንም፣ እኛም አልጠየቅንም። በግምጃ ቤት ተቆልፎባቸው ነበር የሚያድሩት። ቁልፉ አንድ ሰው ኪስ ውስጥ ነው። ሰውየው ሲያኮርፍ ልምምድ የለም፤ ለቅሶ ሲሄድ ልምምድ የለም፤ ስብሰባ ሲኖር ልምምድ የለም። የአብዮት በዓል ሲደርስ ግን ቀንና ሌሊት ምቱ ይባላል። ቤት ስገባ በመጥረጊያ እንጨት ላይ አራት መስመር አስምሬ ጣቴን አለማምድ ነበር። እናቴ «ይኼ ልጅ ምን ነካው?» ትል ነበር፤ እውነቷን ነው። ያለ ድምፅ የተማርኩት ይበልጣል።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ኪነቱም ተበተነ። ግምጃ ቤቱ ተከፍቶ ሳየው ባዶ ነው፤ ያ ቤዝ የት እንደገባ እስከ ዛሬ አላውቅም። ያን ቀን የተሰማኝን መናገር ያሳፍረኛል። ሰው ለአገሩ በሚያዝንበት ሰዓት እኔ ለአራት ክር አለቀስኩ። የኔ አልነበረም እኮ፤ ግን እጄ ነበር።

የዋልያስ ልጆች ግን ቀደም ብለው ሌላ መንገድ ይዘው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ለሥራ ሄደው ከመካከላቸው አንዳንዶቹ እዚያው ቀሩ። ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ላይ ለዓመታት ታክሲ ነዳ። የድሮ ሥራዎቹ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ እንደገና ታትመው ዓለም ሲፈልገው፣ ሰዎች የተገረሙበት አንድ ነገር ነበር፤ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ከመኪናው ኮፈን አይለይም። ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ አውጥቶ ይለማመዳል። መድረክ አልነበረውም፣ ባንድ አልነበረውም፤ መሣሪያው ግን የራሱ ነበር። አዝማሪው ከነማሲንቆው ተመለሰ ማለት ነው።

እኔ የራሴን ቤዝ የገዛሁት ከዚያ ወዲህ፣ አገር ጥሎ ከሚሄድ ሙዚቀኛ ነው። የአምስት ወር ደመወዜን በላው። አምፑን አክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ላከችልኝ። ደስታዬ ልክ አልነበረውምና በዚያው ሰካሁት። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት፣ የኛ ደግሞ 220 መሆኑን ማን አስታውሶ! ጭሱ ወጣ፣ ልጆቹ ጮኹ፣ ጎረቤት ውኃ ይዞ መጣ። አንድ ሬዲዮ ሠሪ ውስጡን ለውጦ፣ ትራንስፎርመር ገዝቼበት ተነሣ። ዛሬም ሲሞቅ የዚያን ቀን ሽታ ትንሽ ትንሽ ይሸተኛል። ግን የኔ ነው። ሠርግ ቤት ስጠራ ዋጋዬን ራሴ እናገራለሁ። ካልተስማማን ጃኬን ነቅዬ እሄዳለሁ። ያችን ጃክ የመንቀል መብት ያላያት ሰው ዋጋዋን አያውቃትም።

አሁን ጉዳዩ ሌላ ነው። ኪቦርድ መጣ፤ አንድ ሰው በግራ እጁ ቤዙን፣ በቀኙ ዜማውን፣ በማሽን ድራሙን ይዞ ብቻውን ባንድ ሆነ። ሠርጉም «ሞንታርቦ» ተከራይቶ ያልፋል። ሞንታርቦ የአንድ የጣሊያን ፋብሪካ ስም እንደሆነ ስንቶቻችን እናውቃለን? እኛ ዘንድ የድምፅ ማጉያ ሁሉ ስም ሆኖ ቀርቷል። የቤዝ ተጫዋች መሣሪያው የራሱ ሲሆን ሥራው ጠፋ። ሕጉ እንኳ ከብዙ ዘመን በኋላ አስታውሶናል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከዘፋኙ ጋር ተጫዋቹም መብት እንዳለው ይናገራል። ካሴት ላይ ከጀርባ የመታን ሰዎች ግን አንዴ ተከፍሎን ወጥተናል፤ ድምፃችን ታክሲ ውስጥ ሲሰማ «ይኼ እኔ ነኝ» እያልን ለጎናችን ሰው መንገር ነው የቀረን።

ልጁ በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። ገንዘቡ እንዳልሞላለት ከፊቱ አነበብኩ። እውነቴን ነው የምለው፣ ልቤ ራራ።

«ግድ የለም፣ ውሰድና ተጫወትበት። አውሼሃለሁ» አልኩት።

ዝም አለ። ቤዙን አየው፣ እኔን አየኝ።

«ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ካዋሱኝ የርስዎ ነው። በሁለት ጊዜ ልክፈልዎትና የኔ ይሁን።»

አርባ ዓመት ሙሉ የተማርኩትን ልጁ ከየት እንዳገኘው እንጃ! ወረቀት አወጣሁ። ስሙን፣ ዋጋውን፣ የቤዙን ቁጥር ጻፍኩ፤ ሁለታችንም ፈረምን። ትራንስፎርመሩን ምራቂ ሰጠሁት፤ «ይህን ረስተህ እንዳትሰካ» ብዬ ሦስት ጊዜ አስጠነቀቅሁት። አምፑን ሁለት ሆነን ተሸክመን እስከ ታክሲው ወሰድነው። ወገቤ እስከ ዛሬ ያመኛል።

ሳሎኑ ጥግ ባዶ ሆኗል። ባለቤቴ አበባዋን የምታስቀምጥበት አጥታ «ምነው ባልሸጥከው» ትለኛለች።